ልጅዎ «የነጭ ድብ አገር ልሠራ ነው» ቢልዎ

ከሠራዊት የተሰናበተ ልጅ ወዴት እንደሚሄድ ድሮ መገመት ቀላል ነበር። ጥቂት ወር በጥበቃ ወይም በኪርያት አርዬ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ይሠራል፣ ያጠራቀመውን ይዞ ሕንድ ወይም ደቡብ አሜሪካ ይዞራል፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ይመለሳል። አሁን ግን ልጆቹ እየዞሩ መሥራትም ይፈልጋሉ። ማስታወቂያው በስልካቸው ይመጣል፤ ወላጅ ወሬውን የሚሰማው ሻንጣው ሊታሰር ሲል ነው።

ለዚህ ገጽ ከሚደርሱን ጥያቄዎች መካከል ሰሞኑን አንዱ የተለየ ሆነብን። «ልጄ ካናዳ ሄጄ ነጭ ድቦች ባሉበት ከተማ ሁለት ወር እሠራለሁ ትለኛለች። ይህ እውነተኛ ሥራ ነው ወይስ ማታለያ? አውሬስ አይበላብኝም ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ሁለት ነውና ሁለቱንም እንመልሳለን። ከተማዋ አለች፣ ሥራውም አለ። በስሙ የሚነግድ አታላይም አለ።

ከተማዋ ቸርችል ትባላለች። በካናዳ፣ በማኒቶባ ክፍለ ሀገር፣ በሃድሰን ባሕረ ሰላጤ ምዕራባዊ ዳርቻ ላይ ናት። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ቸርችል ጎዳናን ያስታውሳል፤ ያ በእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር በዊንስተን ቸርችል ስም የተጠራ ነው። ይህችኛዋ ስሟን ያገኘችው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ከኖረው ከአያት ቅድመ አያቱ ከጆን ቸርችል ነው። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ 870 ነዋሪ ነበራት። እዚህ ፔታህ ቲክቫ በጥቂት ረጃጅም ሕንፃዎች የሚኖር ሕዝብ ማለት ነው። ወደ ከተማዋ የሚያስገባ የመኪና መንገድ የለም። ከዋና ከተማው ከዊኒፔግ በባቡር 1,700 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ጉዞው ሁለት ቀን ገደማ ይፈጃል። አውሮፕላን ከሁለት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፣ ዋጋው ግን ውድ ነው። በ2017 ጸደይ ጎርፍ ሐዲዱን ቆራርጦት ባቡሩ እስከ 2018 መጨረሻ ድረስ ከተማዋ አልደረሰም። የሱቅ ዕቃም የሚገባው በዚሁ ባቡር ስለሆነ ኑሮው ከዊኒፔግ ይወደዳል።

ድብን እኛ በዓይን አናውቀውም። አገር ቤት ጅብ አለ፣ ነብር አለ፣ አንበሳም አለ፤ ድብ ግን የለም። የምናውቀው ከመጽሐፍ ነው፤ ዳዊት ለሳኦል አንበሳና ድብ መግደሉን ሲነግረው፣ በኤልሳዕ ላይ ባፌዙት ልጆች ሁለት ድቦች ሲወጡባቸው። ያ ቡናማው የዚህ አገር ድብ ነው። የዋልታው ድብ ከእሱ በጣም ይገዝፋል፤ ወንዱ ከ350 እስከ 600 ኪሎ ይመዝናል፤ ከሮጠም በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ነጭ የሚያስመስለው ፀጉሩ ነው እንጂ ከሥሩ ያለው ቆዳ ጥቁር ነው። ይህን ያልሰማ አንባቢ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ይህ እንስሳ ምግቡን የሚያገኘው በበረዶ ላይ ነው። ክረምቱን በሙሉ በረዶ በሆነው ባሕር ላይ እየተዘዋወረ አቆስጣ ያድናል፤ በአማርኛው ኦሪት የድንኳኑ መሸፈኛ ቁርበት ሲነገር ስሙ የሚነሣው አቆስጣ። በጋ ገብቶ በረዶው ሲቀልጥ ድቡ ሳይወድ ወደ የብስ ይወጣል። እዚያ ብዙም የሚበላው የለውም፤ አራት ወርና ከዚያ በላይ በሰውነቱ ስብ ይቆያል። በኦክቶበርና በኖቬምበር ድቦቹ ባሕሩ እስኪረጋላቸው በቸርችል ዳርቻ ይሰበሰባሉ። ከመላው ዓለም ሰው ሊያያቸው የሚመጣው በነዚያ ሳምንታት ነው። ሆቴሉ ይሞላል፣ ምግብ ቤቱ ይሞላል፣ የከተማው ሰው ብቻውን ስለማይችለው ሠራተኛ ከውጭ ይመጣል። በረዶው ሲጠነክር ድቦቹ ይሄዳሉ፤ ቱሪስቱም ሠራተኛውም ይከተላቸዋል።

ወላጅ አስቀድሞ ሊገነዘብ የሚገባው ይህንን ነው። ወቅቱን የሚወስነው በረዶው ነው። ስድስት ወይም ሰባት ሳምንት ነው፤ ሊረዝምም ሊያጥርም ይችላል። የአየሩ መሞቅ በረዶ የሌለበትን ጊዜ ከ1980ዎቹ ወዲህ በሳምንታት አርዝሞታል፤ ድቦቹም እየቀነሱ ነው። በ2016 በምዕራብ ሃድሰን ባሕረ ሰላጤ 842 እንደሚሆኑ ተገምቶ ነበር፤ በ2021 የአየር ቆጠራ ግምቱ 618 ሆነ።

«በድቦች መካከል መሥራት» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጠመንጃ ይዞ በበረዶ ላይ መቆምን ነው። እንዲህ ያለ ሥራ አለ፤ ቱሪስቶችንና ተመራማሪዎችን የሚጠብቁ የታጠቁ ዘቦች አሉ። ከጎንደር የመጣ ሰው ይህንን ለመረዳት አይቸገርም። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከደባርቅ ተነሥቶ የሚሄድ ጎብኚ መሣሪያ የያዘ የአካባቢው ሰው አብሮት ይሄዳል፤ ያ ሰው ተራራውን፣ ጭጋጉን፣ የአውሬውን ፀባይ ከልጅነቱ የሚያውቅ ነው። ቸርችልም እንደዚያው ነው። ጥበቃው ለአካባቢውና ልምድ ላለው ሰው የሚሰጥ ሥራ ነው፤ በካናዳ ሕግም የመሣሪያ ፈቃድ ይጠይቃል። ልጅዎ በጎላኒ ሦስት ዓመት አገልግሎ ቢመጣም ያ ፈቃድ አይሆነውም። ጎማቸው ከሰው ቁመት የሚስተካከለውን ትልልቅ የቱሪስት መኪኖች የሚነዱትም በአብዛኛው ቆየት ያሉ ሠራተኞች ናቸው።

ለአዲስ መጪ የሚቀረው ወጥ ቤት፣ ዕቃ ማጠብ፣ አልጋ ማንጠፍ፣ ማስተናገድ፣ የመታሰቢያ ዕቃ መሸጥ ነው። ይህን የምንለው ሥራውን ለማናናቅ አይደለም፤ ብዙዎቻችን እዚህ አገር የጀመርነው ከዚያ ነው። ነገር ግን ማስታወቂያው ላይ ድቡ ፎቶ አለ፣ የዕቃ ማጠቢያው ፎቶ የለም። ልጅቷ ድቡን የምታየው በዕረፍት ቀኗ ይሆናል፤ ምናልባትም በመስኮት።

አውሬውስ?

ይህን ጥያቄ ከሁሉ በላይ እናቶች ይጠይቁናል፤ ተገቢም ነው። የቸርችል ሰው ከድብ ጋር የሚኖረው በዘፈቀደ አይደለም። የማኒቶባ መንግሥት የዱር እንስሳት ሠራተኞች በወቅቱ ሌት ተቀን ከተማውን ይቃኛሉ፤ ድብ ያየ ሰው የሚደውልበት ልዩ ቁጥር አለ። ማታ በ10 ሰዓት፣ በአገር ቤት አቆጣጠር 4 ሰዓት ላይ፣ የማስጠንቀቂያ ደወል ይጮኻል፤ ከዚያ በኋላ በእግር መውጣት አይመከርም። ብዙ ነዋሪ የቤቱንም የመኪናውንም በር አይቆልፍም፤ ድብ ያባረረው ሰው ያገኘውን በር ከፍቶ እንዲገባ ነው። እዚህ ሁለት ቁልፍ ቆልፈን ሦስተኛውን ለምንፈትሽ ሰዎች ይህ ይገርማል።

ወደ ከተማ የሚመላለሰውን ድብ በወጥመድ ይዘው የሚያስቀምጡበት ቤትም አላቸው። በቀድሞው የጦር ሰፈር ሕንፃ ውስጥ 28 ክፍል ያለው እስር ቤት ነው ብሎ መናገር ይቻላል። እዚያ ውኃ ይሰጠዋል እንጂ ምግብ አይሰጠውም፤ ቀለብ ከቀመሰ ደጋግሞ ይመጣላ። ጊዜው ሲደርስ ደንዝዞ በሄሊኮፕተር ወደ ሰሜን ይወሰዳል። አገር ቤት ጅብ የለመደውን ደጅ እንደማይተው የሚያውቅ ሰው የዚህ ዘዴ ምክንያት ወዲያው ይገባዋል። በኦክቶበር 31 ማታ የካናዳ ልጆች ልዩ ልዩ ልብስ ለብሰው በየቤቱ ጣፋጭ ሲለምኑ የቸርችል ልጆችም ይወጣሉ፤ ያን ምሽት ግን የታጠቁ ሰዎች በመኪና ከተማውን ዙሪያውን ይጠብቃሉ።

ይህ ሁሉ ጥበቃ እያለ አደጋ ደርሷል፤ መደበቅ አያስፈልግም። በኖቬምበር 1983 አንድ ሰው ከተቃጠለ ሆቴል ፍርስራሽ ውስጥ ሥጋ ሰብስቦ ሲወጣ ድብ አግኝቶት ገድሎታል። በኖቬምበር 1 ቀን 2013 ገና ሳይነጋ አንዲት ወጣት ከጓደኞቿ ጋር ከግብዣ ስትመለስ መንገድ ላይ ድብ ያዛት። ጩኸቷን የሰማ በዕድሜ የገፋ ጎረቤት አካፋ ይዞ ወጥቶ ድቡን መታው፤ እሷ ስታመልጥ ድቡ እሱን ያዘው። ሌላ ነዋሪ መኪናውን ጥሩንባ እያስጮኸ ነድቶበት ድቡ ሸሸ። ሁለቱም ቆስለው በሕይወት ተርፈዋል።

ሁለቱን ታሪኮች ያስተዋለ ሰው አንድ ነገር ያያል፤ አንደኛው የሥጋ ሽታ ይዞ የነበረ ነው፣ ሁለተኛው በጨለማ በእግር መሄድ ነው። አሠሪው ለአዲስ ሠራተኛ ይህን በመጀመሪያው ቀን ማስተማር አለበት። ልጅዎ ከመፈረሟ በፊት «የድብ ደኅንነት ትምህርት ትሰጣላችሁ ወይ? ከሥራ ማታ ስወጣ ወደ መኝታዬ በምን እደርሳለሁ?» ብላ ትጠይቅ። በእግር ነው የሚል መልስ ከመጣ፣ ምን ያህል እንደሚርቅና ማን አብሯት እንደሚሄድ ትጠይቅ። ዕቃ አጣቢ ሥራ የሚጨርሰው ከሁሉ በኋላ ነውና።

ወረቀቱ

እኛ ግን ከድቡ ይልቅ የሚያሳስበን ወረቀቱ ነው። የእስራኤል ፓስፖርት ያለው ሰው ወደ ካናዳ ለጉብኝት ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም፤ በኢንተርኔት 7 የካናዳ ዶላር ከፍሎ የጉዞ ፈቃድ ያወጣል። ይህ ፈቃድ ለማየት እንጂ ለመሥራት አይደለም። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ አንዳንድ ደላላም ሆን ብሎ ያሳስታቸዋል። «በቱሪስትነት ግቢ፣ ሌላውን እዚያ እናስተካክላለን» የሚል ሰው ካለ ነገሩን እዚያው ማቆም ነው።

ካናዳ ውስጥ ለመሥራት የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል። አንደኛው መንገድ በአሠሪው በኩል ነው። አሠሪው ለቦታው የአገሩን ሰው ፈልጎ እንዳጣ ለመንግሥት ያስረዳል፤ ለዚህ ማመልከቻ ለእያንዳንዱ የሥራ ቦታ 1,000 የካናዳ ዶላር ይከፍላል። ይህን ገንዘብ ከሠራተኛው ላይ መልሶ መውሰድ በሕግ ተከልክሏል። ለስድስት ሳምንት ዕቃ አጣቢ ይህን ሁሉ የሚደክም አሠሪ ጥቂት መሆኑን ማንም ያስተውላል። ሌላው መንገድ አገሮች ለወጣቶች የሚፈራረሙት ስምምነት ነው፤ ወጣቱ እየጎበኘ ለተወሰነ ጊዜ እንዲሠራ ይፈቅዳል። እስራኤል ከአውስትራሊያና ከኒው ዚላንድ ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት አላት። በካናዳ በኩል የተፈራረሙት አገሮች ዝርዝር በካናዳ መንግሥት የኢሚግሬሽን ገጽ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ልጅዎ ሁለተኛ ፓስፖርት ካላት፣ ያ ፓስፖርት የምን አገር እንደሆነ አይታ ዝርዝሩን ትመልከት። ማመልከቻውም በዚያው ገጽ ይሞላል፤ ደላላ የማያስፈልገው ለዚህ ነው።

የሌላ አገር ምሳሌ እናንሣ፤ ብዙ ቤተሰብ ያውቀዋልና። ከሠራዊት የወጡ እስራኤላውያን ልጆች ለዓመታት ወደ አሜሪካ እየሄዱ በገበያ አዳራሾች በጋሪ ላይ የሙት ባሕር ቅባት ሲሸጡ ኖረዋል፤ እነሱ «አጋሎት» ይሉታል። ብዙዎቹ የሄዱት በቱሪስት ቪዛ ነበር። አሠሪው «ሁሉም እንዲሁ ነው የሚሠራው» ይላቸዋል። ፖሊስ ሲመጣ የሚያዘው፣ ታስሮ የሚባረረውና ለዓመታት ተመልሶ እንዳይገባ የሚከለከለው ግን ልጁ ነው። በኋላ ለትምህርት ወይም ለሥራ መሄድ ሲፈልግ ያ መዝገብ ይጠብቀዋል። አሠሪው በማግሥቱ ሌላ ልጅ ያመጣል።

በማኒቶባ አንድ ጠቃሚ ሕግ አለ። ከ2009 ጀምሮ የውጭ ሠራተኛ የሚመለምል ሰው ከሠራተኛው ምንም ዓይነት የምልመላ ክፍያ መቀበል አይፈቀድለትም፤ በቀጥታም ሆነ በዘዋሪ። ስለዚህ «ለቦታ ማስያዣ»፣ «ለፋይል መክፈቻ»፣ «ለአሠሪው መያዣ» እየተባለ ገንዘብ ከተጠየቀ፣ ገንዘቡ ሦስት መቶ ሸቀልም ሆነ ሦስት ሺህ፣ ጠያቂው ወይ ሕጉን የሚጥስ ነው ወይ ሥራ የሚባል በእጁ የለም። ለመንግሥት የሚከፈለው የፈቃድ ማመልከቻ ክፍያ ሌላ ነው፤ እሱ የሚከፈለው ለመንግሥት በመንግሥት ገጽ ላይ ነው። በቢት ወይም በፔይቦክስ ለግለሰብ ስልክ የሚላክ «የቪዛ ክፍያ» የለም።

ገንዘቡ

አሁን ወደ ሒሳቡ። በማኒቶባ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት 16 የካናዳ ዶላር ነው። በቀን ከ8 ወይም በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ የተሠራ ሰዓት አንድ ተኩል ሆኖ ይከፈላል። በዝቅተኛው ደመወዝ፣ በሳምንት 40 ሰዓት፣ ሰባት ሳምንት የሠራ ሰው 4,480 የካናዳ ዶላር ያገኛል። ይህ ከግብርና ከመንግሥት መዋጮ በፊት ነው። እዚህ አገር በአፕሪል 2025 ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 6,247.67 ሸቀል ነበር፤ በዚያ ሒሳብ ሁለት ወር ቢሠራ ወደ 12,495 ሸቀል ይደርሳል። የዕለቱን ምንዛሬ ይዘው ሁለቱን ያስተያዩ። ከዚያ ከካናዳው ላይ ከቤን ጉሪዮን እስከ ዊኒፔግ፣ ከዊኒፔግ እስከ ቸርችል ደርሶ መልስ ቲኬቱን ይቀንሱ፤ ኖቬምበር ላይ ከዜሮ በታች 10 እና 20 ዲግሪ ለሚሆን ብርድ የሚሆን ካፖርትና ጫማም ይቀንሱ። የቀረው ምን ያህል ነው? ትርፍ ሰዓትና ጉርሻ ካልጨመረበት ይህ ሥራ ገንዘብ ለማጠራቀም የሚሄዱበት አይደለም። ዓለምን ለማየት የሚሄዱበት ነው፤ ልጁ ይህን አውቆ ከሄደ ጥሩ ነው። ለመኪና መግዣ ብሎ ከሄደ ተሳስቷል።

መኖሪያው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በ870 ሰው ከተማ በወቅቱ የሚከራይ ክፍል ማግኘት ከባድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አሠሪው ራሱ መኝታ ይሰጣል። በነፃ ነው ወይስ ከደመወዝ ይቆረጣል? በሳምንት ስንት? ክፍሉ የስንት ሰው ነው? ምግብስ? እነዚህ በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ መጻፍ አለባቸው። ከሁሉም በላይ ውሉ ስንት ሰዓት ሥራ እንደሚያረጋግጥ ይታይ። በረዶው ቀድሞ ረግቶ ድቦቹ በኖቬምበር አጋማሽ ቢሄዱ፣ ቱሪስቱም ቢቀር፣ ልጅቷ ሥራ ሳይኖራት የመኝታ እየከፈለች የመመለሻ ቲኬቷን ቀን ትጠብቃለች ወይስ ውሉ ያስከፍላቸዋል? መንገድ በሌለበት ከተማ «ካልተስማማኝ ትቼ እመጣለሁ» ማለት ቀላል አይደለም። ስለዚህ የመመለሻ ቲኬት ገንዘብ በእጇ ሳይኖር አትሂድ። ይህ ምክራችን ቁርጥ ያለ ነው።

ደመወዝ ለመቀበል የካናዳ የሶሻል ኢንሹራንስ ቁጥር ያስፈልጋል፤ የሥራ ፈቃድ ያለው ሰው ያለ ክፍያ ያወጣዋል። ቁጥሩን ሳይጠይቅ በእጅ እከፍላለሁ የሚል አሠሪ የሚከፍለው በጨለማ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ፣ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ አሠሪው የተከፈለውንና የተቆረጠውን የሚያሳይ ወረቀት ይልካል። ከመጠን በላይ ግብር ተቆርጦ ከሆነ የሚመለሰው በዚያ ወረቀት ነውና ልጅዎ የእዚህን ቤት አድራሻ ትስጥ። የእስራኤል ነዋሪ በውጭ አገር ያገኘውንም ገቢ እዚህ ማሳወቅ እንዳለበት አትርሳ።

እዚህ የሚቀረው ጉዳይ

ከሠራዊት የወጣ ልጅ ሁለት ገንዘብ አለው። ማዓናክ የሚባለው በባንክ ሒሳቡ ይገባለታል፤ እንደፈለገ ያወጣዋል። ፒካዶን የሚባለው ግን በአምስት ዓመት ውስጥ ለተወሰኑ ነገሮች ብቻ ነው፤ ለትምህርት፣ ለሙያ ሥልጠና፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለሠርግ፣ ቤት ለመግዛት፣ ንግድ ለመጀመር። የካናዳ ቲኬት ከዚህ ውስጥ የለም። «ፒካዶንህን አስቀድሜ አወጣልሃለሁ» የሚል ሰው የልጁን ፊርማ ፈልጎ ነው።

ብዙ ወላጅ የማያውቀው ሌላ ነገር አቮዳ ሙዕደፌት ነው። በፋብሪካ፣ በግንባታ፣ በእርሻ፣ በነዳጅ ማደያ፣ በሆቴል፣ በአንዳንድ ሌሎችም ሥራዎች ስድስት ወር የሠራ ተሰናባች ወታደር ከቢቱዋሕ ሌኡሚ ተጨማሪ ስጦታ ይቀበላል። ይህ መፈጸም ያለበት ከተሰናበተ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ ሥራውም እዚህ አገር መሆን አለበት። በቸርችል ሆቴል አልጋ ያነጠፈችው አይቆጠርላትም፣ በኤይላት ሆቴል ያነጠፈችው ይቆጠርላታል። መጀመሪያ ይህን ስድስት ወር ጨርሶ፣ ስጦታውን ተቀብሎ፣ ከዚያ መሄድ ይቻላል። ድቦቹ በየዓመቱ በኦክቶበር ይመጣሉ። ሁለቱ ዓመት ግን ካለፈ አይመለስም።

ቢቱዋሕ ሌኡሚ ልጁ ውጭ አገር ስለሆነ ዝም አይልም። ነዋሪ እስከሆነ ድረስ ክፍያው ይቆጠራል፤ ዕዳው ከነወለዱ ይከማቻል፤ ደብዳቤው የሚመጣውም ወደ እናንተ የፖስታ ሣጥን ነው። ፖስታውን ሳትከፍቱ አታስቀምጡት። ከመሄዱ በፊት ልጁ ራሱ ደውሎ ወይም በኢንተርኔት ገብቶ በየወሩ ከባንክ እንዲቆረጥ ቢያደርግ ይሻላል።

የሕክምናው ነገር ይበልጥ ይከብዳል። ኩፓት ሖሊም በውጭ አገር የተደረገ ሕክምና አይከፍልም። የማኒቶባ የጤና መድን ደግሞ የሥራ ፈቃዱ ቢያንስ የ12 ወር ላልሆነ የውጭ ሠራተኛ አይሠራም። ቸርችል ትንሽ የጤና ማዕከል አላት፤ ከባድ ሕመምተኛ በአውሮፕላን ወደ ዊኒፔግ ይወሰዳል፤ መድን ለሌለው ሰው ያ ጉዞ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ማሰብ ነው። ስለዚህ የጉዞ መድን ይገዛል፤ ግን ተራ የቱሪስት መድን ብዙ ጊዜ ተቀጥሮ የሚሠራን ሰው ከሽፋኑ ያወጣል። ሲገዛ «እዚያ ልሠራ ነው» ብሎ በግልጽ መናገርና በፖሊሳው ላይ ማስጻፍ ያስፈልጋል። ሻጩ «ችግር የለም» ቢል በጽሑፍ ይስጥ። ድብ ሳይሆን የሚያንሸራትት በረዶና የወጥ ቤት ዘይት ነው ሠራተኛን አዘውትሮ የሚጎዳው።

ስለ በዓላትም ይጠይቁናል። ስግድ በሕሽዋን 29 ይውላል፤ ብዙ ጊዜ በኖቬምበር፣ የድቡ ወቅት ሳይጠናቀቅ ነው። በ2008 ክኔሴት ባወጣው ሕግ እዚህ የታወቀ በዓል ሆኗል፤ የካናዳ አሠሪ ግን ስሙንም አልሰማም። ቀኑን ነፃ ማግኘት የምትፈልግ ከሆነ ከመፈረሟ በፊት ትናገር፤ ወቅቱ ከተጀመረ በኋላ ለማንም ፈቃድ መስጠት ይከብዳቸዋል። ሰንበትም እንደዚያው። በኖቬምበር አጋማሽ እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 4 ሰዓት በፊት ስለሆነ ዓርብ ማታ የሚባለው በሥራ ሰዓት መካከል ይገባል። ሰንበት ለምትጠብቅ ልጅ ይህ ሥራ በጣም ያስቸግራታል፤ በሆቴልና በምግብ ቤት ቅዳሜ ከሁሉ የሚበዛበት ቀን ነው።

ዊኒፔግ የቆየ የአይሁድ ማኅበረሰብ አለባት፤ ኢትዮጵያውያንም ይኖሩባታል፤ ልጅቷ በጉዞዋ ላይ አንድ ሁለት ቀን ብትቆም ኮሸር የሆነ ነገር ትሸምታለች፣ ምናልባትም እንጀራ ታገኛለች። ቸርችል ውስጥ ግን ኮሸር ሥጋ የሚሸጥ ሱቅ አይጠበቅም። እናቶች በርበሬና ሽሮ ማስያዝ ይፈልጋሉ። ወደ ካናዳ የሚገባ ምግብ ሁሉ በመግቢያው ላይ መመዝገብ አለበት፤ የደበቀ ይቀጣል፤ ደረቅ ቅመም ብዙ ጊዜ አያስቸግርም፣ ሥጋና የወተት ነገር ግን ያስይዛል። እዚያ ከደረሰችም በኋላ ምግብ በካፖርት ኪስ ይዞ ደጅ መውጣት አይፈቀድም። ሽሮውን በደንብ አሽገው ይስጧት፤ ቋንጣው ግን እቤት ይቆይ።